ለጋ ንቅሳት ምን ይልበስ? ከቅጠል ልጥፍ እስከ ስስ ላስቲክ

በሃያብለም ሆነ በሌሎቹ የጅቡቲ ከተማ ሰፈሮች፣ ኢትዮጵያውያን በሚሰባሰቡበት ሥፍራ ሁሉ ሁለት ዓይነት ንቅሳት ጎን ለጎን ይታያል። አንደኛው ከወሎ፣ ከጎንደር፣ ከጎጃም ወይም ከትግራይ የመጡ እናቶች ንቅሳት ነው፤ በአንገት ዙሪያ እንደ ሐብል የተደረደረ፣ በግንባር ላይ በመስቀል ምልክት የተቀመጠ፣ ዕድሜ ያደበዘዘው ሰማያዊ መስመር። ሁለተኛው የወጣቶቹ ነው፤ በክንድ፣ በትከሻ ወይም በቁርጭምጭሚት ላይ በኤሌክትሪክ መርፌ የተሣለ፣ ጥቁረቱ ገና ያልፈዘዘ ስም፣ አበባ ወይም መስቀል። ስለ ሁለቱም ብዙ ይባላል። ስለ ውበቱ፣ ስለ ኃጢአትነቱ፣ ስለ ትርጉሙ ክርክር ይነሣል። አንድ ጥያቄ ግን ዘወትር ይዘለላል፤ ንቅሳቱ ገና ቁስል በነበረበት ሰሞን በላዩ ላይ ምን ተደርጎበት ነበር?

ጥያቄው የተዘለለው ያለ ምክንያት አይደለም። ሥዕሉ ከሰውየው ጋር እስከ መቃብር ይሄዳል፤ መሸፈኛው ግን በሳምንቱ ተነቅሎ ይጣላል። ተጓዦችና የታሪክ ጸሐፊዎች የሚያዩት የቀረውን እንጂ የወደቀውን አይደለም፤ ስለዚህ ስለ መስቀሉና ስለ መስመሩ ገጽ ሙሉ ሲጽፉ፣ ስለ ቅጠሉና ስለ ጨርቁ አንድ ዐረፍተ ነገር እንኳ ሳይተዉ ያልፋሉ። ነገር ግን የንቅሳት ዕጣ ግማሹ የሚወሰነው መርፌው ከተነሣ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ነው። መስመሩ ጠርቶ መቅረቱ ወይም ተበላሽቶ መንጣቱ፣ ባለቤቱ በጤና መነሣቱ ወይም በትኩሳት መውደቁ ከዚያ ወዲህ የሚታይ ነገር ነው።

«ነቀሰ» የሚለው ግስ ራሱ ብዙ ይናገራል። እግር ውስጥ የተሰነቀረ እሾህ በመርፌ ይነቀሳል፤ ከአዝመራ መካከል አረም ይነቀሳል፤ በቆዳ ላይ ደግሞ ጌጥ ይነቀሳል። አንዱ ግስ ማውጣትንም ማስገባትንም ይዞ ይኖራል። ለቆዳ ግን ሁለቱም ያው መወጋት ናቸው። መርፌው ላይኛውን የቆዳ ሽፋን አልፎ ከሥሩ ወዳለው ክፍል ቀለሙን ያደርሳል፤ ሰውነትም እንደ ባዕድ ቆጥሮት ሊያጸዳው ይነሣል። ቀለሙን የሚውጡት የሰውነት ዘብ የሆኑት ሕዋሳት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2018 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በአይጦች ላይ እንዳሳዩት፣ እነዚህ ሕዋሳት ሲሞቱ የለቀቁትን ቀለም ተተኪዎቻቸው እዚያው መልሰው ይውጡታል፤ ንቅሳት የማይለቀውም በዚህ ቅብብሎሽ ነው። ላይኛው ቆዳ ግን ተበስቶ ክፍት ሆኗል። ተመልሶ እስኪዘጋ ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ንቅሳት ጌጥ ሳይሆን ቁስል ነው፤ በመቶዎች የሚቆጠር የመርፌ ቀዳዳ ያለው ቁስል።

ስለዚህ ቁስል አለባበስ በአገራችን ከተጻፉት ጥቂት ምስክርነቶች መካከል ምናልባትም እጅግ የተሟላው የእንግሊዛዊው የማንስፊልድ ፓርኪንስ ነው። ፓርኪንስ እ.ኤ.አ. በ1843 በምጽዋ በኩል ገብቶ ሦስት ዓመት ያህል በተለይም በትግራይ ኖረ። እንደ አገሬው ለብሶ፣ እንደ አገሬው በልቶ፣ በባዶ እግሩ ሄዶ ያየውን እ.ኤ.አ. በ1853 በለንደን በመጽሐፍ አሳተመ። ሌሎች ተጓዦች ንቅሳትን ከሩቅ ሲያዩት እርሱ አንድ ክንዱን ለነቃሽ ሰጥቷል። በመሆኑም የጻፈው የሰማውን ብቻ አይደለም።

እንደ ፓርኪንስ አገላለጽ በዚያ ዘመን ወንዶቹ ቢነቀሱ በላይኛው ክንዳቸው፣ ከትከሻቸው አጠገብ አንድ ምልክት ያህል ነው። ሴቶቹ ግን አንገታቸውን፣ ትከሻቸውን፣ ደረታቸውን፣ ክንዳቸውን እስከ ጣቶቻቸው ድረስ ይነቀሱ ነበር፤ ጣቶቻቸው ላይ የቀለበት አምሳል ይሣላል፤ እግራቸውና ባታቸውም አይቀርም፤ ድዳቸውን በሙሉ ሰማያዊ የሚያደርጉም፣ ሰማያዊና ሮዝ እያፈራረቁ የሚያዥጎረጉሩም ነበሩ። የእርሱን ክንድ የነቀሰችው ዓይኗ የደከመ አሮጊት ናት። ዕቃዋ ጥቂት ነበር፤ ከተቃጠለ ዕፅ የተሠራ ጥቁር ቀለም በትንሽ ማሰሮ፣ ጫፏ የሾለ የአገር ቤት የብረት መርፌ፣ ቁራጭ ሸምበቆና አንድ ዘለላ ገለባ። ሸምበቆውን ቀለሙ ውስጥ ነክራ ቆዳ ላይ ስታትመው ክብ ይወጣል፤ ገለባውን በልኩ አጥፋ ስታሳርፈው ቀጥ ያለ መስመር ይሆናል። ዓይኗ ቢደክምም መስመሯ ያልተዛነፈው ለዚህ ነው። ከዚያ በኋላ በመርፌዋ በዚያው መንገድ ደጋግማ ትሄድበታለች።

ለዚህ ጽሑፍ የሚያስፈልገው ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። ሰፊ ቦታ የተነቀሰ ሰው፣ በተለይም ሴቶቹ፣ ከመወጋቱ ብዛት የተነሣ ብርቱ ትኩሳት ይይዛቸው ነበር። ያንን ለማብረድ ከቅጠላ ቅጠል የተሠራ አረንጓዴ ልጥፍ ገላቸው ላይ ተመርጎ ለጥቂት ቀናት በዚያ ተሸፍነው ይቀመጣሉ። በንቅሳቱ ላይ ቅርፊት ይይዛል፤ ቅርፊቱ በራሱ ጊዜ እስኪወድቅ ይጠበቃል እንጂ አይነካም። እርሱ ሲወድቅ ሥራው አለቀ። የአገሩ ሰዎች ንቅሳት ሥጋ ከረገፈ በኋላ እንኳ በአጥንት ላይ ይታያል ብለው እንደነገሩትም ጽፏል። አጥንት ድረስ መድረሱ እውነት ባይሆንም ጨርሶ መሠረት የሌለው ግምት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የጀርመንና የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ጥናት የንቅሳት ቀለም ቅንጣቶች ከቆዳ ተነሥተው እስከ ንፍፊት ዕጢዎች እንደሚጓዙ አሳይቷል።

አረንጓዴው ልጥፍ በአንድ ጊዜ ስንት ሥራ ይሠራ እንደነበር ማሰብ ይገባል። ርጥብ በመሆኑ እየተነነ የጋለውን ቆዳ ያቀዘቅዛል። ዝንብን ይከላከላል። የተነቀሰችው ሴት እከኩ ሲያስቸግራት ጥፍሯ ቁስሉን እንዳያገኘው ይጋርዳል። ልብስ እንዳይፈትገው ያደርጋል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ቁስሉ ደርቆ እንዳይሰነጠቅ ርጥበት ይዞለት ይቆያል። በአንጻሩ ያልታጠበ ቅጠል ባልታጠበ እጅ ተወቅጦ በክፍት ቁስል ላይ ሲመረግ ምን ይዞ እንደሚገባ ለመገመት ሐኪም መሆን አያስፈልግም። የአፈር ተሐዋስያን፣ ከእነርሱም መካከል የመንጋጋ ቆልፍ መንስኤ፣ በዚያ መንገድ ሊገቡ ይችላሉ። ባለቅጠሎቹ አሮጊቶች ጥበብ ነበራቸው ማለት አደጋ አልነበረም ማለት አይደለም። የሚያሳዝነው ሌላ ነው፤ ፓርኪንስ የሸምበቆውንና የገለባውን አጠቃቀም እንዲያ በዝርዝር ጽፎ ሳለ የቅጠሎቹን ስም አልጻፈም። ለእርሱ «ቅጠላ ቅጠል» ነበር፤ ለአሮጊቷ ግን እያንዳንዱ ቅጠል ስምና ምክንያት ነበረው።

ከዚሁ ጋር ሊነጻጸር የሚገባው የኢየሩሳሌም ንቅሳት ነው። የቅድስት አገር ተሳላሚዎች መሳለማቸውን በክንዳቸው ላይ በመስቀልና በዓመተ ምሕረት ማስመስከር የቆየ ልማዳቸው ነው፤ ግብጻውያን፣ አርመኖች፣ ሶርያውያንና ኢትዮጵያውያን ይነቀሱ ነበር። ከግብጽ የመጣው የራዙክ ቤተ ሰብ ይህን ሙያ ከአባት ወደ ልጅ እያስተላለፈ እስከ ዛሬ በአሮጌይቱ ከተማ ይሠራል፤ በእንጨት ላይ የተቀረጹትን ጥንታውያን ማኅተሞቹን ጆን ካርስዌል እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መዝግቦ በመጽሐፍ አውጥቷቸዋል። በሐለብ የእንግሊዝ ነጋዴዎች ቄስ የነበረው ሄንሪ ሞንድሬል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1697 ለፋሲካ ኢየሩሳሌም ወርዶ ሲነቀሱ ያየውን ጽፏል። በእንጨት ማኅተም የከሰል ዱቄት ክንድ ላይ ይታተማል፤ ሁለት ቀጫጭን መርፌዎች አንድ ላይ ታስረው፣ ከባሩድና ከበሬ ሐሞት ተዋሕዷል በተባለ ቀለም እየተነከሩ መስመሩን ይከተላሉ፤ በመጨረሻም ቦታው በወይን ጠጅ ይታጠባል። በዚያው ሥራው ያልቃል።

በወይን ጠጅ መታጠብና በቅጠል ተመርጎ ጥቂት ቀን መቀመጥ፤ ልዩነቱ ከየት መጣ? የዕውቀት ማነስና መብዛት አይመስልም። ተሳላሚው በማግስቱ ወደ ቤተ ልሔም ወይም ወደ ዮርዳኖስ የሚሄድ መንገደኛ ነው፤ ልጥፍ ተሸክሞ ሊተኛ አይችልም፤ የተነቀሰውም መዳፍ የምታህል ቦታ ናት። የትግራይዋ ሴት ግን በቤቷ፣ በዘመዶቿ መካከል ነበረች፤ ውኃ የሚቀዳላት፣ እንጀራ የሚጋግርላት ነበር። የመሸፈኛው ምርጫ ከመርፌው ይልቅ በተነቃሹ የማግስት ኑሮ ይወሰናል። ይህ በሰፊው ሲታይ እስከ ዛሬ ድረስ ያልተለወጠ ነገር ነው፤ በዚህ በጅቡቲ ያለውን ችግር ለመረዳትም ቁልፉ ይኸው ነው።

ጅቡቲና ኢየሩሳሌም በአንድ ወገን የተሳሰሩ ናቸው። የምድር ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ ከመሐል አገር ወደ ባሕር የሚወርደው ዋና መንገድ በዚህ ሆነ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን እ.ኤ.አ. በ1924 ኢየሩሳሌምንና አውሮፓን ሊጐበኙ ሲነሡ በባቡር ጅቡቲ ወርደው ከዚህ በመርከብ ተሳፍረዋል።

ወደ ደጋው እንመለስ። በጎንደር፣ በጎጃምና በወሎ የአንገት ንቅሳት ጌጥ ብቻ አልነበረም። እንቅርት በበዛበት ደጋ፣ ያበጠን አንገት መነቀስ እንደ መድኃኒትም እንደ መከላከያም ይታይ ነበር፤ ዛሬ እንደሚታወቀው የእንቅርት ዋና መንስኤ የአዮዲን እጥረት ስለሆነ መርፌው የሚፈውሰው ነገር አልነበረም። ቁስሉ ሲያመረቅዝ ደግሞ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የተባለው ቃል በቃል ይፈጸማል። አንገት ለመሸፈን አስቸጋሪ ቦታ ነው። ይታጠፋል፤ ያልበዋል፤ የነጠላ ጫፍ ይፈትገዋል። ድርና ማጉ ከቁስሉ ውኃ ጋር ሲደርቅ ጨርቁና ቅርፊቱ አንድ ይሆናሉ፤ ጨርቁ ሲነሣ ቅርፊቱን፣ ቅርፊቱም ቀለሙን ይዞ ይነሣል። በአንዳንድ እናቶች አንገት ላይ መስመሩ መሐል መሐሉን ተቆራርጦ ከታየ ነቃሿን ብቻ መውቀስ አይገባም፤ ጨርቁም ድርሻ ሳይኖረው አይቀርም። ድርቀቱን ለመከላከል ደግሞ ቅቤ ቅርብ ነበር፤ በአገራችን ለጋ ቅቤን ለራስም፣ ለቃጠሎም፣ ለሕፃን እትብትም መቀባት የቆየ ልማድ ነው። ቅቤ ጨርቅ እንዳይጣበቅ ያደርጋል። ነገር ግን ለተሐዋስያንም መኖሪያ ይሆናል፤ የጤና ባለሙያዎች እትብት ላይ ቅቤ እንዳይቀባ አጥብቀው የሚመክሩት ስለዚህ ነው።

የድድ ንቅሳት ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። በእሾህ ወይም በመርፌ ድድ ተወግቶ ጥላሸት ይታሽበታል፤ ጥርስን ያነጣል፣ ድድን ያጠነክራል ይባላል። በዚያ ላይ ቅጠል አይጣበቅም፣ ጨርቅ አይታሰርም። ደግነቱ የአፍ ውስጥ ቁስል ከቆዳ ቁስል ፈጥኖ ይድናል።

ይህ ልማድ በሃያኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ተንገዳገደ። በኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን እ.ኤ.አ. በ1986 ከታወቁ በኋላ በአንድ መርፌ ብዙ ሰው መንቀስ እንደ ጌጥ ሳይሆን እንደ ስጋት መታየት ጀመረ፤ በየትምህርት ቤቱና በየቀበሌው በሚሰጠው ትምህርት ንቅሳት ከጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች ተርታ ተጠራ። ማስጠንቀቂያው ተገቢ ነበር፤ ነፍስም አድኗል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሆኖም ሁሉም ነገር ስለ መርፌው ነበር፤ ስለ ቁስሉ አያያዝ የተነገረ እምብዛም አልነበረም። ከተማ የገቡ ወጣት ሴቶችም «ገጠሬ» ላለመባል አንገታቸውን በሻሽና በኮሌታ መከለል ያዙ። ያ ሌላ ዓይነት መሸፈኛ ነው፤ ለጋውን ቁስል ሳይሆን የዳነውን ጌጥ የሚሸፍን፤ አንዳንዶቹም እስከ ዛሬ አላነሡትም።

ከዚያ በኋላ ነው ያልታሰበው የሆነው። አያቶች መንቀስ ባቆሙ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የልጅ ልጆቻቸው በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች በኤሌክትሪክ መርፌ መነቀስ ጀመሩ። በመካከሉ ግን ሰንሰለቱ ተበጥሷል። አሮጊቷ «ቅርፊቱን አትንኪ፣ ቀኑን ጠብቂ» ብላ የምትመክራት ልጅ አጣች፤ ልጅቷም አዲሱን መሣሪያ ስታገኝ የቁስል አያያዙን ከነጭራሹ ከውጭ ለመቅዳት ተገደደች። ከውጭ የተቀዳው ደግሞ በውጭው አየርና በውጭው ኑሮ የተለካ ነበር።

የውጭውም ቢሆን ቀላል ታሪክ አልነበረውም። ሳሙኤል ኦራይሊ እ.ኤ.አ. በ1891 በኒው ዮርክ የኤሌክትሪክ መንቀሻ የባለቤትነት መብት ሲያገኝ፣ ሮበርት ቺዝብሮ ቫዝሊንን ካስመዘገበ 19 ዓመት አልፎ ነበር። መርፌው ፈጠነ እንጂ ቁስሉን በቅባትና በጨርቅ ከመያዝ ያለፈ ዘዴ ለረጅም ጊዜ አልመጣም። መርከበኞችና ወታደሮች ተነቅሰው ሸሚዛቸውን ጎትተው ይወጡ ነበር። የጅቡቲ ነዋሪም ይህንኑ ዓይነት ንቅሳት ያወቀው በወታደር ክንድ ላይ ነው፤ ንቅሳት በመውደድ የታወቀው የፈረንሳይ የውጭ ዜጎች ሌጌዎን 13ኛ ግማሽ ብርጌድ እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 2011 ሠፈሩ እዚህ ነበርና። ዛሬ በየንቅሳት ቤቱ የሚታየው የምግብ መጠቅለያ ላስቲክ መነሻው እ.ኤ.አ. በ1933 በአሜሪካ በአጋጣሚ የተገኘ ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ለቤት አገልግሎት መሸጥ የጀመረው በ1953 ነው። ለሥጋና ለአይብ የተሠራ ነገር ለሰው ቆዳ ተዋሰ። ርካሽ ነው፣ በየሱቁ አለ፣ አይጣበቅም፣ ባለቤቱም ጌጡን በላዩ ማየት ይችላል።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን ከንቅሳት ቤት ሳይሆን ከምርምር ቤት ነው። ከዚያ በፊት ቁስል አየር አግኝቶ ይድረቅ የሚለው አስተሳሰብ በሐኪሞቹም ዘንድ ሥር የሰደደ ነበር። ጆርጅ ዊንተር የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1962 በአሳማ ቆዳ ላይ ባደረገው ሙከራ፣ በስስ ፕላስቲክ ተሸፍኖ ርጥበቱን የጠበቀ ቁስል ለአየር ከተጋለጠው በእጥፍ ያህል ፈጥኖ አዲስ ቆዳ እንደሚያበቅል አሳየ። ደረቅ ቅርፊት ለአዲሱ ቆዳ እንቅፋት ነው፤ ቆዳው ከሥሩ ዞሮ መሄድ አለበት። በርጥበት ውስጥ ግን በቀጥታ ይሻገራል። ከዚያም በ1970ዎቹ በሐኪም ቤት ለቁስል የሚለጠፍ ስስ ባለ ሙጫ ሽፋን ወጣ፤ ከዓመታት በኋላ ነቃሾችም ወሰዱት። ስለ አረንጓዴው ልጥፍ የተነገረውን ያስታወሰ አንባቢ ነገሩ ሙሉ በሙሉ አዲስ እንዳልሆነ ይረዳል። የትግራይዋ አሮጊት ርጥበትን ይዛ ነበር፤ ያልያዘችው ንጽሕናን ነው።

ሁለቱ ላስቲኮች ሲያዩአቸው ቢመሳሰሉም ሥራቸው ይለያያል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። የምግብ መጠቅለያው እንፋሎት አያሳልፍም። ላቡም፣ ደሙም፣ የቁስሉ ውኃም ከሥሩ ይጠራቀማል፤ ሙቀቱ ሲጨመርበት ተሐዋስያን የሚራቡበት ኩሬ ይሆናል። ስለዚህ ከንቅሳት ቤት እስከ መኖሪያ ቤት ለማድረስ፣ ለጥቂት ሰዓታት ብቻ የሚሆን ነገር ነው። የሐኪም ቤቱ ሽፋን ግን የውኃ እንፋሎትን እያሳለፈ ፈሳሽ ውኃንና ተሐዋስያንን ይከለክላል። የመጀመሪያው አንድ ቀን ያህል ቆይቶ፣ የተጠራቀመው ፈሳሽ ታጥቦ፣ በሌላ ተተክቶ ለጥቂት ቀናት ሊቆይ ይችላል። ሙጫው የሚያሳክካቸውና የሚያቀላቸው ሰዎች ግን አሉ፤ እነርሱ ላይ ማቆየት አይገባም።

ታዲያ ይህ ሁሉ በጅቡቲ አየር ምን ይሆናል? እዚህ ሙቀቱ ሁለት ዓይነት ነው። በግንቦትና በመስከረም አካባቢ ከባሕር የሚነሣው ርጥበት ገላን ቀኑን ሙሉ ያረጥበዋል፤ በዚያ ጊዜ የተለጠፈው ሽፋን ሙጫው በላብ ይለቃል፣ ጠርዙ ይነሣል። ጠርዙ የተነሣ ሽፋን ከምንም ይከፋል፤ ቆሻሻ ያስገባል፣ መውጫ ግን አይሰጠውም። ወዲያው አንሥቶ በሳሙናና በንጹሕ ውኃ ማጠብ እንጂ በፕላስተር ጠርዙን መደፈን መፍትሔ አይደለም። ካምሲን በሚነፍስባቸው በበጋው ወራት ደግሞ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ አየሩ ይደርቃል፤ አቧራው ይነሣል። ያን ጊዜ ክፍቱን መተው ቁስሉን ለአቧራ መስጠት ነው። ውጭ የሚውል ሠራተኛ እንዳይጣበቅ ተደርጎ በተሠራ ጎዝ ላይ ፋሻ በስሱ ቢያስር፣ ማታ ቤት ሲገባ ፈትቶ ቢያጥብና ለሌሊቱ በንጹሕ ሰፊ የጥጥ ልብስ ቢተኛ ይሻለዋል። በሰው ቤት የምትሠራ ሴት ችግር ደግሞ ሌላ ነው፤ እጇ ወይም አንጓዋ ላይ ከተነቀሰች ከነገ ጀምሮ ዕቃ ማጠብ፣ ልብስ ማጠብ፣ በረኪና መንካት አለባት። ለእርሷ ከመሸፈኛው ምርጫ በፊት የሚመጣው የቦታውና የቀኑ ምርጫ ነው። ለጥቂት ቀናት ውኃ ሳትነካ የምትቀመጥበት ፋታ ከሌላት የትኛውም ላስቲክ አይታደጋትም። የጥንቷ ተነቃሽ የነበራት፣ የዛሬዋ ያጣችው ዋናው ነገር ቅጠሉ ሳይሆን ዕረፍቱ ነው።

ቅባትን በሚመለከት ማብዛት እንደ ማሳነስ ይጎዳል። ሽታ የሌለው ቀላል ቅባት በንጹሕ እጅ፣ ቆዳው እስኪወዛ ድረስ ብቻ ይበቃል፤ በሙቀት ላይ ወፍራም ቫዝሊን መደፍደፍ ላቡን አፍኖ ሽፍታ ያወጣል። መቅላቱ ከቀን ወደ ቀን ከሰፋ፣ መግል ከያዘ፣ ትኩሳት ከተነሣ፣ ወይም ከቁስሉ ወደ ልብ አቅጣጫ ቀይ መስመር ከወጣ ነገሩ የቅባትና የመሸፈኛ ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል፤ ሐኪም ማየት አለበት።

ባሕሩን በተመለከተ ማስጠንቀቂያው ጠበቅ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2017 በአንድ የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት የታተመ ዘገባ፣ ከተነቀሰ በአምስተኛው ቀን በሜክሲኮ ሰላጤ የዋኘ የ31 ዓመት ሰው በሞቃት ባሕር ውስጥ በሚኖር ባክቴሪያ ተመርዞ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ መሞቱን ይናገራል። ሰውየው የጉበት ሕመም ነበረበት፤ ጤነኛ ሰው ላይ እንዲህ ያለው እምብዛም አይደርስም። ሆኖም ሽፋኑ ውኃ አያስገባም የሚለውን የእሽጉን ጽሑፍ አምኖ ቆዳው ሳይዘጋ ጨው ውኃ ውስጥ መግባት፣ በተለይ የጉበት ሕመም ላለበት፣ ከባድ ድፍረት ነው።

በዚህች ከተማ ንቅሳትና ሂና አዘውትረው ስለሚምታቱም አንድ ነገር ማለት ያሻል። የሶማሌ፣ የዓፋርና የየመን ሴቶች ለሠርግና ለዒድ የሚያጌጡበት ሂና ቆዳን አይበሳም፤ ንቅሳት በእስልምና የተከለከለ ሲሆን ሂና ግን የተወደደ ጌጥ ነው። ሂናም ከተቀባ በኋላ ይሸፈናል። የሽፋኑ ዓላማ ግን ተቃራኒ ነው፤ ሂና የሚሸፈነው ሊጡ ሳይደርቅ ቀለሙ ወደ ቆዳ እንዲገባ ነው፤ ንቅሳት የሚሸፈነው ቀለሙ ገብቶ ካለቀ በኋላ ቆዳው እስኪዘጋ ነው። ስለዚህ የሂና ልማድ የለመደች ሴት ለንቅሳትም ቢጠቀለል፣ ቢታፈንና ቢሞቅ ይጠቁራል ብላ ብትገምት አይፈረድባትም፤ ግን ስሕተት ነው። «ጥቁር ሂና» እየተባለ የፀጉር ማቅለሚያ ኬሚካል የተቀላቀለበት ደግሞ ከሁለቱም ወገን አይደለም። ቆዳን አቃጥሎ ውኃ ሊያስቋጥር፣ ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ አለርጂም ሊያስከትል ይችላል፤ በዚያ ላይ ላስቲክ መጠቅለል ቃጠሎውን ማባባስ ነው።

በሃያብለም ሆነ በባልባላ ዛሬም አንገታቸው የተነቀሰ፣ በልጅነታቸው ምን ቅጠል እንደተለጠፈባቸውና ስንት ቀን እንደተኙ የሚያስታውሱ እናቶች አይጠፉም። ፓርኪንስ ሳይጽፈው ያለፈው ስም እነርሱ ዘንድ ሊገኝ ይችላል። መነቀስን የቆረጠ ወጣት ደግሞ ወሩን ይምረጥ፤ ከኅዳር እስከ መጋቢት ባሉት ወራት ቀኑ እንደ በጋው አይግልም፣ ሌሊቱም ይቀዘቅዛል፤ ሽፋኑም የተለጠፈበት ቦታ ላይ ይቆያል።